ከባጋስ በአሲድ የወጣው ስኳር ለምን ወደ ኤታኖል አልተለወጠም?

አገዳ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ባለሙያዎች። በኬሚካል ምህንድስና የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ሥራዬን የምሠራው ከሸንኮራ አገዳ ባጋስ ኤታኖል በማምረት ላይ ነው። ርእሱን የመረጥሁት በአገራችን በፊንጫአና በመተሐራ የሚመረተው ኤታኖል ከሞላሰስ (ስኳሩ ከወጣ በኋላ ከሚቀረው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ) የሚወጣ ስለሆነ፣ አገዳው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ቃጫ፣ ማለትም ባጋሱም፣ የራሱን ድርሻ ሊያበረክት ይችላል ብዬ ስለማምን ነው።

ያደረግሁት እንዲህ ነው። ባጋሱን አጥቤ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካደረቅሁት በኋላ ከ2 ሚሊሜትር በታች ፈጨሁት፤ ከዚያም 100 ግራሙን 2 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ባለው 1 ሊትር ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ በአውቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ለ60 ደቂቃ አቆየሁት። ፈሳሹን አጣርቼ ቃጫውን አስወገድሁ። የፈሳሹን ስኳር በዲኤንኤስ ዘዴ (ስኳርን በቀለም ለውጥ በሚለካው) ስለካው በሊትር 27 ግራም ገደማ ሪዱሲንግ ስኳር ተገኘ። ፒኤቹን በኮስቲክ ሶዳ ወደ 5 ካመጣሁ በኋላ የዳቦ እርሾ ጨምሬ በ30 ዲግሪ ለ72 ሰዓት አብላላሁት። በስሌት 13.8 ግራም ያህል ኤታኖል መገኘት ሲገባው የተገኘው ግን በሊትር 2.5 ግራም ብቻ ነው። አሲዱ አንሶ እንደሆነ በማሰብ መጠኑን ወደ 4 በመቶ ባሳድገው የስኳሩ ንባብ እምብዛም ሳይጨምር ፈሳሹ ጠቆረ፣ ኤታኖሉም ይባስ ቀነሰ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ችግሩ ያለው በአሲዱ ሥራ ላይ ነው ወይስ በእርሾው? እንዲሁም በተራ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ፣ ውድ መሣሪያ ሳያስፈልግ፣ ይህንን ለይቼ የማውቅበት መንገድ አለ?


ካርቦን 12

ሰላም አገዳ። ጥያቄዎን ከነቁጥሮቹ ስላቀረቡ መልሱን ከራስዎ መረጃ ውስጥ ማውጣት ይቻላል። እኔ እንደማየው እርሾው ሥራውን አላጓደለም። ሊበላው የሚችለውን ስኳር ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ኤታኖል ለውጦታል፤ በፈሳሹ ውስጥ የቀረው ስኳር ግን የዳቦ እርሾ የማይበላው ዓይነት ነው። ሊበላው የሚችለው ደግሞ ባስወገዱት ቃጫ ውስጥ ሳይነካ ቀርቷል።

ከባጋሱ እንነሣ። የደረቀ ባጋስ እንደ አገዳው ዝርያና እንደ አፈሩ ቢለያይም በአብዛኛው ከ40 እስከ 45 በመቶ ሴሉሎስ፣ ከ25 እስከ 30 በመቶ ሄሚሴሉሎስ፣ ከ20 እስከ 25 በመቶ ሊግኒን (ቃጫውን እንደ ሙጫ የሚያያይዝ ጠንካራ ነገር) ይይዛል፤ የቀረው አመድና በውሃ የሚሟሟ ነገር ነው። ሴሉሎስ የግሉኮስ ሞለኪውሎች በረጅሙ የተያያዙበት ሰንሰለት ሲሆን፣ ሰንሰለቶቹ ጎን ለጎን በሃይድሮጂን ትስስር ታስረው ክሪስታል ስለሚሠሩ አሲድ በቀላሉ አይገባቸውም። የባጋስ ሄሚሴሉሎስ ግን በዋናነት ዛይላን ነው፤ ማለትም አምስት ካርቦን ካለው ዛይሎስ የተሠራ፣ በጎኑ አራቢኖስና የአሴቲል ቅርንጫፎች የተንጠለጠሉበት፣ ክሪስታል የማይሠራ ልቅ ሰንሰለት ነው። በ121 ዲግሪና በቀጭን አሲድ የሚፈታውም በዋናነት ይኸው ነው።

አሁን እናስላ። ከ100 ግራሙ 25 ግራሙ ዛይላን ነው እንበል። ሰንሰለቱ ሲበጠስ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ የውሃ ሞለኪውል ስለሚጨመር 132 የነበረው ክብደት 150 ይሆናል፤ ስለዚህ 25 ግራሙ ዛይላን 28.4 ግራም ዛይሎስ ይሰጣል። እርስዎ የለኩት 27 ግራም ለዚህ ቁጥር ምን ያህል እንደሚቀርብ ይመልከቱ። የዲኤንኤስ ዘዴ ደግሞ ነፃ የአልዲሃይድ ጫፍ ያለውን ስኳር ሁሉ በአንድነት የሚቆጥር እንጂ ግሉኮስን ከዛይሎስ የሚለይ አይደለም። የዳቦ እርሾ በተፈጥሮው ዛይሎስን አያብላላም። ከኤታኖሉ ወደ ኋላ ብንሄድ፣ 180 ግራም ግሉኮስ 92 ግራም ኤታኖልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሰጥ፣ ማለትም ከአንድ ግራም ግሉኮስ ቢበዛ 0.511 ግራም ኤታኖል ስለሚገኝ፣ 2.5 ግራም ኤታኖል የመጣው 5 ግራም ከሚጠጋ ግሉኮስ ነው። ይህ ግሉኮስ የወጣው ከልቁ የሴሉሎስ ክፍልና ከመታጠብ ከተረፈው የአገዳ ስኳር ይመስለኛል። ስለዚህ በስሌትዎ ውስጥ 27ን በ0.511 ማባዛትዎ እርሾውን የማይችለውን ሥራ እንደ መጠየቅ ሆኗል።

ይህንን ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግዎትም። መጀመሪያ ማብላላቱ ካበቃ በኋላ የቀረውን ፈሳሽ እንደገና በዲኤንኤስ ይለኩ፤ ግምቴ ትክክል ከሆነ በሊትር ከ20 ግራም በላይ ስኳር ቆሞ ያገኙታል። ቀጥሎ ግሉኮስን ብቻ የሚለካ የግሉኮስ ኦክሲዴዝ ኪት ይጠቀሙ፤ የሕክምና ላቦራቶሪዎች የደም ስኳር የሚለኩበት ስለሆነ በአገር ውስጥ ይገኛል። ናሙናውን አቅጥነውና ፒኤቹን አስተካክለው፣ ከማብላላቱ በፊትና በኋላ ቢለኩት ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

አንድ ነገር ልጨምር። ባጋሱን በ105 ዲግሪ አያድርቁት። ያ ሙቀት የእርጥበት መጠን ለማወቅ ለሚወሰድ ትንሽ ናሙና ነው። ዋናው ጥሬ ዕቃ በዚያ ሙቀት ሲደርቅ የቃጫው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተጣብቀው ስለሚዘጉ በኋላ ሴሉሎሱን የሚፈታ ኢንዛይም እንዳይገባቸው ያደርጋል። በጥላና በአየር፣ ካልሆነም ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ምድጃ ቢያደርቁት ይበቃል።


ፈርፈራል

ካርቦን 12 በተናገሩት እስማማለሁ፤ ነገር ግን አሲዱ ወደ 4 በመቶ ሲያድግ ኤታኖሉ ከቀድሞውም የቀነሰበት ምክንያት ለብቻው መታየት ያለበት ይመስለኛል፤ ብዙ ተማሪዎች የሚቸገሩበት ቦታም እርሱ ነው።

ስኳሩን ከሰንሰለቱ የሚፈታው አሲድ የፈታውን ስኳር መልሶ ያፈርሰዋል። ዛይሎስ ሦስት የውሃ ሞለኪውል ተነጥቆ ፈርፈራል ይሆናል፤ ግሉኮስ በተመሳሳይ መንገድ ወደ ሃይድሮክሲሜቲል ፈርፈራል፣ ከዚያም ወደ ሌቩሊኒክና ፎርሚክ አሲድ ይሄዳል። የፈሳሹ መጥቆርም የእነዚህ ውጤቶች እርስ በርስ መያያዝና የሊግኒን ፍርስራሽ መልክ ነው። ሲማን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1945 እ.ኤ.አ. የእንጨት ሃይድሮሊሲስን (በአሲድና በውሃ ወደ ስኳር መፍታቱን) ሲያጠና ይህንን በሁለት ተከታታይ ምላሾች ገልጾታል፦ ሴሉሎስ ወደ ግሉኮስ፣ ግሉኮስ ወደ ፍርስራሽ። ሁለቱ ምላሾች ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ስኳሩ አንድ ጊዜ ጫፍ ይደርስና ከዚያ በኋላ አሲድም ሆነ ጊዜ ሲጨመር ይወርዳል። ሰንሰለቱን መበጠስ የሚጠይቀው የአክቲቬሽን ኢነርጂ (ምላሹን ለማስነሣት የሚያስፈልግ ኃይል) ስኳሩን ከማፍረስ የበለጠ በመሆኑ ከፍ ያለ ሙቀት ለአጭር ጊዜ ከዝቅተኛ ሙቀት ለረጅም ጊዜ ይሻላል፤ በተራ አውቶክሌቭ ግን ይህንን ማድረግ አይቻልም። በጥሩ ሪአክተር እንኳን በአንድ ጊዜ በሚሠራ ቀጭን አሲድ ከሴሉሎሱ የሚገኘው ግሉኮስ ከሚጠበቀው ከ50 እስከ 60 በመቶ አካባቢ ላይ ይቆማል።

የሙቀትንና የጊዜን ጫና በአንድ ቁጥር ለማነጻጸር በ1987 እ.ኤ.አ. ኦቨረንድና ሾርኔ ያቀረቡት መለኪያ ይጠቅምዎታል። ከሙቀቱ 100 ቀንሰው ለ14.75 ያካፍሉ፤ የተፈጥሮ ቁጥሩን ኢ በዚያ ከፍ አድርገው በደቂቃው ካባዙት በኋላ የአሥር ሎጋሪዝሙን ይውሰዱ። የእርስዎ 121 ዲግሪ ለ60 ደቂቃ 2.4 ይሰጣል፤ 160 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ 2.8፣ 180 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ 3.4 ይሰጣል። ከዚህ ላይ ፒኤቹን ሲቀንሱ የአሲዱም ጫና ይገባበታል። አሲዱን ስንት ሰዓትና ስንት በመቶ እንደሆነ ብቻ ከመዘገብ ይልቅ ይህንን ቁጥር በሰንጠረዥዎ ውስጥ ቢያስቀምጡ ሥራዎን ከሌሎች ሥራ ጋር ማነጻጸር ይቀላል።

እርሾውን የሚያውከው ፈርፈራል ብቻ አይደለም። በዛይላኑ ላይ የተንጠለጠለው አሴቲል ሲላቀቅ አሴቲክ አሲድ ይሆናል፤ በእርስዎ የ1 ለ10 ምጣኔ በሊትር ከ2 እስከ 3 ግራም ሊደርስ ይችላል። አሴቲክ አሲድ የእርሾውን ግድግዳ አልፎ የሚገባው ሳይከፋፈል በቀረው መልኩ ነው። ፒኬኤው፣ ማለትም ግማሹ የሚከፋፈልበት ፒኤች፣ 4.76 ስለሆነ በፒኤች 5 ከሦስት እጅ አንዱ በላይ ያልተከፋፈለ ነው፤ በፒኤች 5.5 ወደ 15 በመቶ፣ በፒኤች 6 ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ፒኤቹን ከ5 ወደ 5.5 ወይም ወደ 6 ማሳደግ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ስለ ኮስቲክ ሶዳውም ላንሣ። በአንድ ሊትር 20 ግራም ሰልፈሪክ አሲድ ለማክሸፍ 16 ግራም ያህል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያስፈልጋል፤ ውጤቱም በሊትር 29 ግራም ሶዲየም ሰልፌት ነው። አሲዱ 4 በመቶ ሲሆን ይህ ጨው እጥፍ ይሆናል፤ እርሾው በዚያ ጨው ውስጥ እንዲሠራ እየተጠየቀ ነው። በምትኩ ኖራ ይጠቀሙ፤ 15 ግራም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ያንኑ አሲድ ያከሽፋል፣ ሰልፌቱም ጅፕሰም ሆኖ ስለሚዘቅጥ ተጣርቶ ይወጣል። እንዲያውም ኖራውን እስከ ፒኤች 10 ድረስ ጨምረው፣ ፈሳሹን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አቆይተውና አጣርተው፣ ፒኤቹን በጥቂት አሲድ ወደ 5.5 ቢመልሱት ፈርፈራሉና ፊኖሊክ ውህዶቹ በከፊል ይወገዳሉ። ሙቀቱ ወይም ፒኤቹ ከዚህ ካለፈ ግን ስኳሩም አብሮ ስለሚጠፋ ከኖራው በፊትና በኋላ ስኳሩን መለካት አይዘንጉ።


የወንጂ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። ለብዙ ዓመታት በስኳር ፋብሪካ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ አስተያየቴ ከዚያ በኩል ነው።

ቀጭን አሲድ ክሪስታሉን ሴሉሎስ ካልደፈረው ለምን ወደ ወፍራም አሲድ አይሄዱም? ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ብራኮኖ የተልባ እግር ጨርቅን በወፍራም ሰልፈሪክ አሲድ ወደ ስኳር የለወጠው በ1819 እ.ኤ.አ. ነው። 70 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ሰልፈሪክ አሲድ የሴሉሎሱን የሃይድሮጂን ትስስር በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይፈታዋል፤ ከዚያ አሲዱን ወደ 20 ወይም 30 በመቶ አቅጥኖ በ100 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ግሉኮሱ ከሞላ ጎደል ይወጣል፤ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ማግኘት ይቻላል። ጀርመኖች በቤርጊዩስ ዘዴ 40 በመቶ ገደማ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲጠቀሙ፣ በሾለር ዘዴ ደግሞ ግማሽ በመቶ ያህል ሰልፈሪክ አሲድ በተከመረው የእንጨት ፍቅፋቂ ውስጥ ያለማቋረጥ በማሳለፍ ስኳሩ ሳይፈርስ ወዲያው እንዲወጣ ያደርጉ ነበር። በሶቪየት ኅብረትም የእንጨት ሃይድሮሊሲስ ፋብሪካዎች ለአሥርተ ዓመታት ሠርተዋል። እነዚህ ሁሉ የሠሩት ያለ ኢንዛይም ነው። በእኛ አገር ኢንዛይም በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ መሆኑን ስናስብ፣ በአሲድ ብቻ የሚያልቅ ሥራ ትልቅ ጥቅም አለው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በተጨማሪ ባጋስ በፋብሪካ ዘንድ ትርፍ ቆሻሻ አለመሆኑን ተማሪዋ ወይም ተማሪው በጥናቱ ውስጥ እንዲያስገባ እመክራለሁ። ከመጭመቂያው የሚወጣው ባጋስ ግማሹ ውሃ ሆኖ እያለ እንኳን በቀጥታ ወደ ቦይለር ገብቶ እንፋሎቱንና ኤሌክትሪኩን የሚያመነጭ ነዳጅ ነው። ወደ ኤታኖል የሚሄደው እያንዳንዱ ኩንታል ባጋስ ከቦይለሩ የሚነጠቅ ነው፤ ስለዚህ ወይ የቦይለሩ ብቃት ተሻሽሎ የሚተርፈው ባጋስ መታወቅ አለበት፣ ወይም ከሃይድሮሊሲሱ የሚተርፈው ሊግኒን ወደ ቦይለር መመለሱ መታሰብ አለበት። ሊግኒን ከሴሉሎስ የበለጠ ሙቀት ስለሚሰጥ ይህ የማይናቅ ሐሳብ ነው።


ካርቦን 12

የወንጂ ልጅ ስለ ቦይለሩ ያነሡት ነጥብ በጣም ትክክል ነው፤ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎችም ይህንን ዘልለው ያልፋሉ። በወፍራሙ አሲድ ላይ ግን አልስማማም፤ የማልስማማበትም ምክንያት ኬሚስትሪው ስለማይሠራ አይደለም።

ለ100 ግራም ባጋስ 125 ግራም ያህል ንጹሕ አሲድ እንጠቀም እንበል፤ በዚህ ዘዴ የተለመደ ምጣኔ ነው። አሲዱን በኖራ ካከሸፍነው 219 ግራም ጅፕሰም ይዘቅጣል፤ ማለትም ከገባው ባጋስ ከእጥፍ በላይ የሚመዝን ጭቃ። አሲዱን ካላከሸፍነው ደግሞ ከስኳሩ ለይተን፣ ውሃውን አትንነን፣ መልሰን ማወፈር አለብን፤ ይህም ብዙ ኃይልና አሲዱን የሚቋቋም ውድ ብረት ይጠይቃል። የዚህ ዘዴ ዋጋ የሚወሰነው በአሲድ መልሶ ማግኛው ነው። የጀርመንና የሶቪየት ፋብሪካዎችም የቆሙት በጦርነትና በመንግሥት ዕቅድ ዘመን፣ ዋጋው እንደ ዋና መመዘኛ ባልተወሰደበት ሁኔታ እንደነበር መርሳት የለብንም።

ወፍራም አሲድ ለአገዳ ጥናት የሚጠቅመው በሌላ ቦታ ነው፤ ባጋሱ ውስጥ ምን እንዳለ ለመለካት። 0.3 ግራም ናሙና በ3 ሚሊሊትር 72 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ በ30 ዲግሪ ለ60 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ በ84 ሚሊሊትር ውሃ ወደ 4 በመቶ ይቀጥንና በ121 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ይሞቃል። ሳይሟሟ የሚቀረው አመዱ ሲቀነስለት ሊግኒኑ ነው፣ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ስኳር ሴሉሎሱንና ሄሚሴሉሎሱን ያሳያል። ይህንን በጥሬው ባጋስና ከአሲድ በኋላ በቀረው ቃጫ ላይ ካደረጉ ከእኔ ግምታዊ ቁጥሮች ይልቅ የራስዎን ትክክለኛ ሒሳብ ይይዛሉ። አሲዱን ሲያቀጥኑ አሲዱን ወደ ውሃው ቀስ እያሉ ያፍስሱ እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ ፈጽሞ አያፍስሱ፤ በዚህ ናሙና ግን ውሃው ወደ አሲዱ መግባቱ ስለማይቀር መጠኑ ትንሽ፣ ዕቃው ወፍራም የመስተዋት ጠርሙስ፣ ዓይንና እጅም የተሸፈኑ ይሁኑ።


ጣና ዳር

ጥያቄ አለኝ። ይኸው አሠራር ለእምቦጭ ይሆናል ወይ? በጣና ላይ ከሐይቁ እየተነቀለ የሚከመረው አረም ለዚህ ቢውል በማለት ነው።


ፈርፈራል

ይሆናል፤ ሊግኒኑ ከባጋስ ያነሰ ስለሆነ እንዲያውም በቀላል አሲድ ይፈታል። ችግሩ እርጥብ እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ መሆኑ ነው፤ ከአንድ ቶን የሚገኘው ደረቅ ነገር 100 ኪሎ አይሞላም፣ ከዚያም ላይ አመዱ ብዙ ስለሆነ የአሲዱን ከፊል ያከሽፈዋል። ለማድረቅና ለማጓጓዝ የሚወጣው ከኤታኖሉ ዋጋ ጋር ስለማይመጣጠን ባለበት ቦታ ወደ ባዮጋዝ ወይም ወደ ኮምፖስት ቢሄድ የሚሻል ይመስለኛል።


አገዳ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተመከርሁት መሠረት አብላልቼ ያቆየሁትን ፈሳሽ እንደገና ለካሁት። ዲኤንኤሱ አሁንም በሊትር 21 ግራም ገደማ ያነብባል፤ በግሉኮስ ኪቱ ግን ግሉኮሱ ከመለኪያው ዝቅተኛ ወሰን በታች ነው። እንግዲህ የቀረው ዛይሎስ ነው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ቃጫውን አልጥለውም። ቀጥሎ ምን ላድርገው? ዛይሎሱስ እንዲሁ ይባክናል?


ካርቦን 12

እንኳን ደስ አለዎት፤ ይህ ውጤት ራሱን ችሎ በጽሑፍዎ ውስጥ ሊቀመጥ የሚገባው ነው። እንግዲህ አሲዱን ስኳር ማምረቻ ሳይሆን ቃጫውን ለሚቀጥለው ደረጃ ማዘጋጃ አድርገው ይዩት። በቀጭን አሲድ ሄሚሴሉሎሱን ያወጡ፤ ቃጫውን እስኪጠራ ድረስ በውሃ ያጠቡ፤ ከዚያ ከ1 እስከ 2 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ፣ በዚያው የ1 ለ10 ምጣኔ፣ በ121 ዲግሪ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ያቆዩት። ቤዙ ሊግኒኑን ከቀሪው ሄሚሴሉሎስ ጋር የሚያያይዘውን የኤስተር ትስስር ስለሚበጥስ ሊግኒኑ ጥቁር ፈሳሽ ሆኖ ይወጣል። ባጋስን በመሰሉ የሣር ወገኖች ላይ ይህ ዘዴ በጣም ይሠራል፤ እንደ ጥድ ባሉ እንጨቶች ላይ ግን ይደክማል። እንደገና አጥበው ፒኤቹ ገለልተኛ ሲሆን እርጥቡን በማቀዝቀዣ ያስቀምጡ፤ አያድርቁት።

ከዚያ የሴሉሌዝ ኢንዛይም ይመጣል፤ በ50 ዲግሪ፣ ከ4.8 እስከ 5 ባለ ፒኤች፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት። ኢንዛይሙ ሴሉሎሱን በመካከል ሴሎባዮስ ወደሚባል የሁለት ግሉኮስ ስኳር ይለውጠዋል፤ ሴሎባዮሱ ከተከማቸ ኢንዛይሙን መልሶ ስለሚያስቆመው በቂ ቤታ ግሉኮሲዴዝ መኖሩን ያረጋግጡ። ማስመጣቱ ከከበደ ትሪኮደርማ ሪሴይንና አስፐርጊለስ ናይጀርን በእርጥብ የስንዴ ፉርሽካ ላይ አሳድጎ ኢንዛይሙን በውሃ ማውጣት ይቻላል፤ የመጀመሪያው ሴሉሌዝ በብዛት ሲያመነጭ የጎደለውን ቤታ ግሉኮሲዴዝ ሁለተኛው ይሞላል። ዝንፍ እንዳይል የምፈልገው አንድ ነገር፣ ለኢንዛይም ልኬት ብቻ ሶዲየም አዛይድ እንደ ባክቴሪያ መከላከያ የሚጨምሩ አሠራሮች መኖራቸው ነው፤ እርሾ የሚገባበት ፈሳሽ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፤ ለሰውም መርዝ ነው።

ማፍረሱንና ማብላላቱን በአንድ ዕቃ ቢያካሂዱት፣ እርሾው ግሉኮሱን እየበላ ስለሚሄድ ኢንዛይሙ አይታፈንም። ሙቀቱ ግን ለሁለቱም አማካይ፣ ከ35 እስከ 38 ዲግሪ መሆን አለበት። ከ100 ግራም ባጋስ 40 ግራም ሴሉሎስ ሳይጠፋ ቢደርስ ከፍተኛው 44.4 ግራም ግሉኮስ፣ ማለትም 22.7 ግራም ኤታኖል ነው። በቶን ደረቅ ባጋስ ሲሰላ 288 ሊትር ይሆናል፤ በተግባር ከዚህ ከ70 እስከ 80 በመቶ ማግኘት መልካም ውጤት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ከአንድ ቶን ሞላሰስ የሚገኘው ኤታኖል 250 ሊትር ገደማ ነው።


ፈርፈራል

ስለ ዛይሎሱ፦ ሼፈርሶማይሲስ ስቲፒቲስ የተባለው እርሾ ዛይሎስን ያብላላል፤ ሆኖም እጅግ ጥቂትና የተመጠነ አየር ይፈልጋል፣ አሴቲክ አሲድንና ከፍ ያለ ኤታኖልንም ከዳቦ እርሾ ያነሰ ነው የሚቋቋመው። ፈሳሹን በኖራ ካጠሩ በኋላ ይሞክሩት። ይህንን እርሾ ካላገኙ ደግሞ ዛይሎሱን ሆን ብሎ ወደ ፈርፈራል መለወጥ ራሱን የቻለ ኢንዱስትሪ መሆኑን ይወቁ፤ በአሜሪካ ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአጃ ገለባ ሽፋን በዚሁ በሰልፈሪክ አሲድና በእንፋሎት ይመረት ነበር። ለእርሾው መርዝ የሆነው ነገር ለሬዚንና ለማሟሟያ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ነው።


የወንጂ ልጅ

ስለ ወፍራሙ አሲድ የተሰጠውን መልስ ተቀብያለሁ፤ የ219 ግራሙ ጅፕሰም ስሌት አሳማኝ ነው። ከፋብሪካ አንጻር አንድ ቁጥር ብቻ ልጨምር። የማንጠሪያ አምድ ኃይሉን እንዲመልስ የሚገባው ፈሳሽ ቢያንስ በክብደት 4 በመቶ ኤታኖል መያዝ አለበት። በአንድ ሊትር 100 ግራም የታጠበ ቃጫ ቢያስገቡ፣ ከዚያም 60 ግራሙ ሴሉሎስ ሆኖ 80 በመቶው ቢፈታ፣ የሚያገኙት 2.7 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ጠጣሩን ወደ 15 ወይም 20 በመቶ ማሳደግ የግድ ይሆናል፤ በዚያ መጠን ግን ቃጫው እንደ ገንፎ ስለሚወፍር መማሰሉ ራሱ ችግር ነው። ከቃጫ ኤታኖል ለማምረት በጣሊያን በክሬሸንቲኖ በ2013 እ.ኤ.አ. የተከፈተውና በአሜሪካ በአይዋ በ2015 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ትልልቅ ፋብሪካዎችም ብዙ ሳይቆዩ በ2017 እ.ኤ.አ. ቆመዋል፤ በብራዚል ግን ከስኳር ፋብሪካ ጋር ተያይዘው የተሠሩት በባጋስ መሥራታቸውን ቀጥለዋል። ጥሬ ዕቃው በግቢው ውስጥ መኖሩ፣ እንፋሎቱና የማንጠሪያው አምድ ከሞላሰሱ ጋር በጋራ መያዙ ልዩነት የሚያመጣ ይመስለኛል።

ከአምዱ የሚወጣው ቢበዛ በክብደት 95.6 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ ኤታኖሉና ውሃው አብረው ስለሚፈሉ በማንጠር አይለያዩም። በአዲስ አበባ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ መጀመሪያ በ5 በመቶ፣ ኋላም በ10 በመቶ ከቤንዚን ጋር እንደተቀላቀለው ላለ ነዳጅ ቀሪው ውሃ በ3 አንግስትሮም ሞሌኪውላር ሲቭ (ውሃውን በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ በሚይዝ ማጣሪያ) መውጣት አለበት። ጥናትዎ እዚያ ድረስ መሄድ አይጠበቅበትም፤ ነገር ግን ውጤትዎን በሊትር ፈሳሽ ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜ በ100 ግራም ደረቅ ባጋስ፣ ከያንዳንዱ እጥበት በኋላ የጠፋውን ቃጫ መዝነው ጭምር ያስፍሩ። የፋብሪካ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ያንን ነው።